የሚያዝያ አሸዋ

ሣር እንደሚዘራ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ አላውቅም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። አያቴ ከመንዝ መጥተው ጭላሎ ሥር ሲሰፍሩ ሣሩ ቀድሟቸው እዚያው ነበር፤ ስንዴው ነው በኋላ የመጣው። ሣር በራሱ ይበቅላል፣ ይታጨዳል፣ ለበዓል ይጎዘጎዛል፣ ስንዴ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይነቀላል። ዘርቶ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ በ1975 ዓ.ም. የካቲት ላይ «የሣር ዘር፣ አርባ ኪሎ» የሚል ወረቀት የተሰፋበት ጆንያ ቢሮአችን ሲገባ ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤቱ ገበሬዎች ከብታቸውን ምን እንደሚያበሉ የሚያስተምር ነበር። እኔ ታይፒስት ነኝ። ኦሮምኛ ስለምችል ወደ ገጠር ሲወጣ ለአስተርጓሚነት ይወስዱኛል፤ ለዚህኛው ሥራ አይከፈለኝም። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ግዛቸውም እንደኔ የአሰላ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ቁምጣ ለብሰው ከገበሬ ጋር ጭቃ የሚያቦኩ ጎበዝ ባለሙያ ነበሩ ይባላል። እኔ ስደርስ ግን ካኪ ለብሰው ወንበር ላይ ነው ያገኘኋቸው፤ የሚያምኑትም በአንድ ነገር ነው፣ በዕቅድ። ዕቅዱ ላይ ያለ ነገር አለ፣ ዕቅዱ ላይ የሌለ ነገር የለም።

ዘሩን ይዞ የመጣው ኃይለመስቀል የሚባል ከጎጃም የተመደበ የመኖ ባለሙያ ነው። ቀጭን ልጅ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም ስለ ሣር ብቻ ነው። አንድ ቀን ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ከታይፕ ማሽኔ አጠገብ ዘረገፈው። ፍሬው ከጤፍ ብዙም አይተልቅም፣ እብቁ ይበዛል። አነጠስኩና ግማሹ በረረ።

«ውድነሽ፣ ወተት እኮ ነው ያበረርሽው» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ እየለቀመ ነው።

ዘሩ የሚሞከርበት መሬት ከኢተያ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ኦቦ ሀሰኖ የሚባሉ አዛውንት ካሎ ነበር። ካሎ ማለት ከብት እንዳይገባበት አጥረው አቆይተው በበጋ የሚያግጡት መሬት ነው። በዙሪያቸው የነበረው ግጦሽ ሁሉ ለአምራቾች ማኅበር ስንዴ ታርሷል። የቀረቻቸው ያቺ ካሎ ናት፣ አሥራ አንድ ከብቶቻቸውም በእሷ ነው የሚኖሩት። ማኅበሩ ለመጪው ዓመት እሷንም ሊወስዳት አስቧል። የማይወስዳት የተሻሻለ ሣር ከበቀለባት ብቻ ነው። ይህን ለኦቦ ሀሰኖ ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ሲያዳምጡኝ በበትራቸው መሬቱን ይቆረቁሩ ነበር።

«ሣር የሚዘራው ረቢ፣ ፈጣሪ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በአማርኛ። «መንግሥት ይሄንንም ሥራ ሊረከበው ነው?»

ኃይለመስቀል አልሳቀም። «ኦቦ ሀሰኖ፣ እርስዎ መሬቱን ይረሱልኝ፣ እኔ እዘራለሁ። ለኅዳር ሚካኤል ያጭዳሉ።»

«እስከ ኅዳር ከብቶቼ ምን ይበላሉ?»

«ጭድ አመጣልዎታለሁ።»

«ሣሩ ባይበቅልስ? ካሎዬም ሄደ፣ ከብቶቼም ሄዱ። አንተ ወደ አገርህ ትሄዳለህ።» ወደ እኔ ዞር አሉና በኦሮምኛ ይህ ልጅ የሚፈራው ታቦት የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሚካኤል ነው አልኳቸው። «በል በሚካኤል ማልልኝ» አሉት።

ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ማለ። እኔ በሆዴ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አልኩ። ኦቦ ሀሰኖ ግን ለእሳቸው ሚካኤል ምናቸውም ባይሆን በሰው ሃይማኖት ያምናሉ። በሦስተኛው ቀን ካሎዋን አረሷት።

ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መጋቢት ላይ በልግ ጣለ። ጓድ ግዛቸው ኃይለመስቀልን ጠርተው ዘሩ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በሠራተኞች ቀን እንዲዘራ፣ በዕለቱም ከበላይ አካል የሚመጡ ጓድ በእጃቸው እንደሚያስጀምሩት ነገሩት። እኔ ደብዳቤ ላስፈርም ገብቼ ቆሜ ነበር።

«ጓድ፣ ይሄ የበልግ ዝናብ ነው» አለ ኃይለመስቀል። «ግንቦት ላይ ጥሎን ይሄዳል። ሣሩ ብቅ ይልና ይቃጠላል። መሬቱ እስኪጠግብ እስከ ሐምሌ እንታገስ።»

«ገበሬው በበልግ ገብስ ይዘራ የለም እንዴ?»

«ገብስ ጉልበት አለው። ይሄን እፍ ቢሉት ይበራል። ሌላ ዘር ደግሞ የለንም።»

«ዕቅዱ የሚለው ሚያዝያ ነው።»

«ዕቅዱን የጻፈው ሰው አርሲን አይቷል?»

ጓድ ግዛቸው እስኪርቢቷቸውን አስቀመጡ። «ኃይለመስቀል፣ ይሄን አልሰማሁም። አልዘራም ካልክ ግን ስሙ ሌላ ነው።»

ስሙን አልጠሩትም፤ መጥራትም አያስፈልግም። አሻጥር ነው ስሙ። በዚያን ዘመን በዚህች ቃል ከቤቱ ተጠርቶ የሄደ ሰው እናቱ ስንቅ የት እንደምታቀብል ለማወቅ ወር ይፈጅባት ነበር። ደብዳቤዬን ሳላስፈርም ወጣሁ።

በማግሥቱ ኢተያ ሄድን። ኃይለመስቀል የሆነውን ሳይደብቅ ነገራቸው። ኦቦ ሀሰኖ አልተናደዱም። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጉድጓድ ቆፈሩና ክንዳቸውን ሰደዱት። ሲያወጡት ጭቃው ያለው እስከ እጅ አንጓቸው ነው። ከዚያ ታች ያለው መሬት ደርቆ እጅ አላስገባም ብሏል።

«አባቴ ካሎ የሚያጥረው ክርኑ ሲረጥብ ነበር» አሉ። «ይሄ አንጓ ነው። ከላይ ረጥቦ ከታች ደርቋል። በዚህ ላይ ከዘራህ ሚካኤልህን ዋሽተኸዋል።»

ከአጥሩ ሥር ሦስት ኩንታል የቀጣር ወንዝ አሸዋ ተደርድሮ ነበር። ያን የመሰለ ዘር ለብቻው ከተበተነ አንድ ቦታ ይከመራል፤ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚዘራው። አሸዋውን ያስመጣው ኃይለመስቀል ነው። ኦቦ ሀሰኖ አሸዋውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እንደገና አሸዋውን አዩ።

«የሚመጣው ትልቅ ሰው ገበሬ ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

«እንግዲያ ይሄ ይበቃዋል።»

እንዲህ ሆነና ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን 1975 ዓ.ም. ቀይ ጨርቅ በተዘረጋበት፣ የቀበሌ ልጆች መፈክር ባሰሙበት ካሎ ላይ ከበላይ አካል የመጡት ጓድ እንቅብ ታቅፈው የቀጣርን አሸዋ ዘሩ። ገለባ ቀላቅለንበታል፣ ዘር ይመስላል። ሰውዬው አንዴም ወደ እንቅቡ አላዩም፣ የሚያዩት ፎቶ አንሺውን ነበር። «ፍሬውን ለማየት ያብቃን!» ሲሉ እኔ በኦሮምኛ አስተረጎምኩ። ገበሬው አጨበጨበ፤ ኦቦ ሀሰኖ ከሁሉም በርትተው አጨበጨቡ። እኔ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን ዋጥኩት።

ምክንያቱም ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። «አርባ ኪሎ የተሻሻለ የሣር ዘር በዛሬው ቀን ተዘርቷል» ብዬ ከሁለት ካርቦን ጋር ጻፍኩ፣ ከግርጌው የስሜን መጀመሪያ ፊደል አኖርኩ። እውነተኛው ዘር እናቴ አልጋ ሥር ነው፤ መጋዘኑ ስለሚቆጠር ሌላ የምንደብቅበት አልነበረም። እናቴ ወይዘሮ ብርቄ ጆንያውን በእግራቸው ነካ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሣር ነው።»

«ሣር አልጋ ሥር? ጤና ነሽ?» አሉና ሌላ አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ እናቶች የማይጠየቀውን ያውቁ ነበር። ግንቦት ላይ አይጥ ጆንያውን በስታ ሁለት እፍኝ ስትበላ ግን ድመት ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ግንቦት እንደተፈራው ሆነ። ዝናቡ ቆመ፣ የታረሰው ካሎ ይቦን ጀመር። ኃይለመስቀል ቃል የገባውን ጭድ ከደመወዙ እየገዛ ቢያመጣም ለአሥራ አንድ ከብት የሚበቃ አልነበረም። ኦቦ ሀሰኖ ሁለት ላሞች ሁሩታ ገበያ አውጥተው ሸጡ። አንዲት አሮጊት ላም ደግሞ ሰኔ መግቢያ ላይ ተኝታ አልተነሣችም። የሞተች ዕለት ደርሰን ነበር። ባለቤታቸው እንደ ወትሮው ወጥተው ሰላም አላሉንም። ኃይለመስቀል የሞተችውን ላም ቆሞ አየና ከአጥሩ ጀርባ ዞሮ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለላሚቱ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ጓድ ግዛቸውም አንድ ቀን ሳይነግሩን መጡ። ባዶውን መሬት በጫማቸው ጫር አደረጉት። እንደ ድሮአቸው ቁጢጥ ብለው አንድ ጓል አነሡና በጣታቸው ፈረፈሩት።

«ዘሩ ሞቷል?» አሉ።

«አልሞተም፤ ጊዜውን እየጠበቀ ነው» አለ ኃይለመስቀል።

ለረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን አራግፈው ላንድሮቨራቸው ውስጥ ገቡ። ያን ሳምንት በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር።

ሐምሌ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ጭላሎ ጉም ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ኦቦ ሀሰኖ ያንኑ ጉድጓድ ቆፈሩ። ክንዳቸውን ሰደው አወጡት። ጭቃው ከክርናቸው በላይ ነበር። «ኤዬ» አሉ፣ እሺ እንደማለት። ከእናቴ አልጋ ሥር በጋሪና በአውቶቡስ የመጣውን ዘር ከአሸዋው ጋር ቀላቅለን ስንዘራ አፈሩ ከጫማችን አልላቀቅ ይል ነበር። ዘሩ ጥልቅ ከገባ ስለማይወጣ ሞፈር አልነካውም፤ የቀሩትን ስምንት ከብቶች በላዩ ላይ ነዳናቸው፣ በኮቴያቸው ረግጠው አስገቡት። የእሾህ ቅርንጫፍም ጎተትንበት። ባለቤታቸው ደጃፍ ቆመው ያዩን ነበር፣ አሁንም ሰላም አላሉንም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኃይለመስቀል ከኢተያ ስልክ ደወለልኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። «ወጥቷል» ብሎ ዘጋው።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱን ሸኝተን ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ኦቦ ሀሰኖ ማጭዳቸውን ከዋዜማው ስለውት ኖሯል፤ ልጁ ሳይመጣ አላጭድም ብለው እየጠበቁ ነበር። የመጀመሪያውን ጭብጥ አጨዱና ለኃይለመስቀል ሰጡት፣ እሱ ለላሞቹ ሰጠ። ባለቤታቸው ወተት ይዘው ወጡ። መጀመሪያ የሰጡት ለእሱ ነው። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝና ጉንጬን ሳሙኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ካሎዋም ዳነች፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጥቶ አይቶ «የተሻሻለ» የሚል ታፔላ ተከለባት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጥሩ ወሬ አርፎ አይቀመጥም፤ ሣሩ ፎቶ ተነሣ፣ ፎቶው ወደ በላይ አካል ሄደ። በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ ሰባት ጆንያ ዘር መጣልን። ኦቦ ሀሰኖን አይተው የቀኑ ሰባት ገበሬዎች ካሎአቸውን አረሱ። ከነሱ አንዱ ሁሴኖ የሚባለው የኦቦ ሀሰኖ የእህት ልጅ ነው። ከዘሩ ጋር መመሪያ መጣ። ያባዛሁት እኔ ነኝ። «ባለፈው ዓመት በተገኘው ልምድ መሠረት ዘሩ በሚያዝያ ወር ውስጥ ይዘራል» ይላል። ልምድ የተባለው የእኔ ሪፖርት ነው። ታይፑ ላይ እጄ ቀረ።

ኃይለመስቀል አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ። «እነግራቸዋለሁ» አለ። «ሰባት ካሎ ነው፣ ውድነሽ። አንድ ላም ሞታ ያየሁት ይበቃኛል።»

«እኔስ?» አልኩት። «ሪፖርቱ ላይ ያለው የማን ፊደል ነው? ኦቦ ሀሰኖስ?»

ፈርቼ ነበር። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁም። ዛሬ የአምስት ልጆች አያት ሆኜ ሳስበው በፍርሃቴ አላፍርም፣ ስለሌሎቹ ከብቶች ሳላስብ በመቅረቴ ግን አፍራለሁ። እሱ ስለኔ ሲል እውነቱን ግማሽ አድርጎ ይዞ ገባ፤ ዘንድሮ ወደ ሐምሌ እናሸጋግረው ብሎ ጠየቃቸው። በሩ ክፍት ነበር፣ የጓድ ግዛቸው ድምፅ እስከ እኔ ጠረጴዛ ይሰማል።

«በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር የታጨደ ሣር ፎቶው እዚህ ግድግዳ ላይ አለ። ለበላይ አካል ‹ጓድ፣ እርስዎ በእጅዎ የዘሩበት ቀን ልክ አልነበረም› ብዬ ልጻፍ? አንተ ትጽፈዋለህ?»

ኃይለመስቀል ወጣና ከፊቴ ቆመ። እኔን ማየት አልፈለገም። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ቅዳሜ ማንንም ሳልጠይቅ አውቶቡስ ተሳፍሬ ኢተያ ወረድኩ።

ኦቦ ሀሰኖ አጥር እያጠበቁ አገኘኋቸው። በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የራሴን ጥፋት ጭምር። ዘሩ ሚያዝያ ላይ ከተበተነ የሰባቱ ሰዎች ካሎ እንደሚያልቅ፣ አንበትንም ካሉ ደግሞ ስሙ ምን እንደሚባል ነገርኳቸው። እሾሃቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝና ሲያበቁ ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ለዚህ ነው የምታለቅሺው? አሸዋ እንደሆነ ቀጣር ሙሉ ነው።»

ዘሩ ተደብቆ፣ አሸዋው ተዘጋጅቶ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደረሰ። በዚህኛው ዓመት ከበላይ አካል ሰው አልመጣም፤ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር የሚያስጀምሩ ነበሩ መሰለኝ። ጓድ ግዛቸው ራሳቸው እንዲያስጀምሩ ታዘዙ። ይህን የሰማነው ላንድሮቨሩ ውስጥ ነው፣ ኢተያ ልንደርስ ስንል። ኃይለመስቀልና እኔ ተያየን። ፎቶ አንሺውን የሚያይ ሰው ሌላ፣ ጓል ፈርፍሮ የሚያይ ሰው ሌላ ነው።

በሁሴኖ ካሎ ላይ ቀዩ ጨርቅ ተዘርግቷል። ሰባቱ ገበሬዎች ሰባት እንቅብ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ኦቦ ሀሰኖ ከዳር በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ጓድ ግዛቸው አጭር ንግግር አደረጉ፣ አስተረጎምኩ። እንቅቡን ከሁሴኖ ተቀበሉ። እጃቸውን አስገብተው አንድ እፍኝ አወጡ።

አልበተኑትም። መዳፋቸውን ገልጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ከዚያ ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉት። ገለባው በረረ። መዳፋቸው ላይ የቀረው እያብለጨለጨ ነበር።

ሁሴኖ ወደ ኦቦ ሀሰኖ ዞረ። ኃይለመስቀል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ሊናገር ነው፣ ሊያልቅልን ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጓድ ግዛቸው የሚያዩት እሱን አልነበረም። ኦቦ ሀሰኖን ነው የሚያዩት። ሽማግሌውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ጓድ ግዛቸው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉና ሁለት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። አውጥተው ጣቶቻቸውን አዩ። ከላይ ረጥቦ ከታች ደርቋል።

ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው አሸዋውን በተኑት፣ የዘር አበታተን የሚያውቅ ሰው እንደሚበትነው፣ ሰፋ አድርገው። እንቅቡ እስኪያልቅ ድረስ የማሳውን ዳር ይዘው ሄዱ። ገበሬዎቹ ተከተሏቸው። ሰባት እንቅብ አሸዋ ሲዘራ ቆመን አየን። ኦቦ ሀሰኖ አጨበጨቡ፣ ሁላችንም አጨበጨብን።

ተመልሰን ቢሮ እንደገባን ጓድ ግዛቸው ሪፖርቱን ጠየቁ። ጻፍኩ፤ «ሰባት ጆንያ የተሻሻለ የሣር ዘር በዛሬው ቀን ተዘርቷል።» ወስጄ ከፊታቸው አኖርኩት። ኃይለመስቀል በሩ ላይ ቆሟል። አነበቡት፣ እስኪርቢቷቸውን አወጡ፣ ፈረሙ። ከዚያ ማኅተሙን እየፈለጉ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ሐምሌ ሩቅ ነው» አሉ። «ዘሩን አይጥ እንዳይበላባችሁ።»